ሹመት ያጣው ወንበር

ስኳር አንድ ተራ የሥራ ቀን ምን እንደሚያስወጣት ብትጠየቅ እንዲህ ታሰላዋለች፦ ለጥበቃው ሁለት ብስኩት፣ ለአለቆች አንድ ውሸት፣ ከራሷ ደግሞ ግማሽ ጉሮሮ። ብስኩቱ ጋሼ ጥበቃ በር ላይ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ እንዲያነሱ ነው። ውሸቱ፣ "ከሻይ ጋሪው ሥር ማነው የሚስቀው?" ለሚል ሰው የተዘጋጀ ነው፦ "ጎማው ነው ጌታዬ፣ ዘይት ይፈልጋል።" ጉሮሮው የሚያልቀው ደግሞ የሁለት ዓመቷ ሚጡ ስትጮህ በላይዋ ላይ በመዝፈን ነው።

እውነተኛ ስሟን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያውቅ የለም። በትልቅ መሥሪያ ቤት ሻይ የምታዞር እሷ ናትና ሁሉም "ስኳር" ይላታል። ልጇን የምትተውበት ሰው ስለሌላት ሚጡ በጋሪው ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ በፎጣ ተጋርዳ፣ ከቢሮ ቢሮ ትጎበኛለች።

አዲሱ ፕሬዚዳንት ሲወዳደሩ፣ "ሁሉም ነገር ይለወጣል! አዳዲስ ሰዎች ይሾማሉ! በየመሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ ይከፈታል!" አሉ። ስኳር የፊተኞቹን ሁለቱን ረስታ የመጨረሻዋን ይዛ ወደ ቤቷ በረረች።

ሰውየው አሸነፉ፤ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያለው ክፍል ለልጆች ተፈቀደ። ችግሩ ክፍሉ በወንበር መሞላቱ ነበር። በዚያ ቤት የተሾመ ሁሉ የቀድሞው ሰው ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ የራሱን ያስገዛል። አሮጌውም አይጣልም።

"ባለቤቱ ቢመለስስ?" ይላሉ የንብረት ኃላፊው፣ አባ ቁልፍ።

"ታዲያ ልጆቹ የት ይቀመጡ?" ትላለች ስኳር።

"ወንበር መች ጠፋ ልጄ!"

የሹመቱ ዜና በሬዲዮ ሲነበብ ጋሼ ጥበቃ ብስኩቱ አፋቸው ውስጥ ቀረ። "እኚህ አዲሱ ሚኒስትር የድሮው ሚኒስትራችን አይደሉም እንዴ?"

"ናቸው፤ ሻያቸው ላይ አራት ማንኪያ ስኳር የሚያስጨምሩት" አለች ስኳር፣ ሆድ ብሷት። "ለውጥ ብለው ያው እነሱን!"

በማግስቱ ሚኒስትሩ ገቡ፤ ተቀመጡ፤ ወዲያ ወዲህ ተቁነጠነጡና ተነሡ። "ያቺ የድሮ ወንበሬ የት አለች? ወገቤን የምታውቀው እሷ ናት!"

አባ ቁልፍ ቁና ቁና እየተነፈሱ አንዷን አወጡ። ቀጥሎ ምክትሉ ተሾሙ፤ እሳቸውም የድሮ ሰው ናቸውና ሌላ ወንበር ወጣ። አማካሪዎቹ ተከተሉ። ክፍሉ እየሰፋ ሲሄድ የስኳር ልብ ቅቤ ጠጣ። ሠራተኛው ኮሪደር ላይ "ያው እነሱው!" እያለ ሲያጉረመርም እሷ፣ "እሰይ! ይጨመሩ!" ማለት ጀመረች።

"አንቺ፣ ለውጥ ፈላጊ አልነበርሽም?" አሏት ጋሼ ጥበቃ።

"ነኝ እንጂ! የሚለወጠው ክፍሉ ከሆነ ምን ላድርግ?"

በመጨረሻ አንድ ወንበር ብቻ ቀረ። ጥቁር ቆዳ፣ ጎረምሳ በሬ የሚያህል። ባለቤቱ የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር ናቸው፤ ከመጣው ሁሉ ጋር ስለሚጣሉ የሚሾማቸው ጠፋ።

"አባ ቁልፍ፣ በእናትዎ፣ ይሄን እንኳ ኮሪደር ላይ ያውጡልኝ።"

"ወንበር ያለበት ክፍል መጋዘን ነው። መጋዘን ውስጥ ልጅ አይገባም።"

ለመነች፣ አለቀሰች፤ ወይ ፍንክች።

"ሰውየው ቢሾሙስ?"

"የዚያኑ ዕለት ቁልፉን ላንቺ።"

ትናንት ደግሞ ጉድ ፈላ። ሚኒስትሩ ስለ ለውጥ ንግግር ሲያደርጉ ሚጡ ከጋሪው ሥር በሳቅ ፈነዳች። ሚኒስትሩ ጎንበስ ብለው ፎጣውን ገለጡት።

"ይሄ ጎማ ጥርስ አወጣ እንዴ?"

አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሲወጡ ግን ቀስ ብለው፣ "ስኳር፣ ከዚህ ወር በኋላ ይህን ጎማ ጋሪው ሥር እንዳላይ" አሏት። ከሥራ ብትቀር እንጀራዋ፣ ሚጡን ብትተዋት ልጇ።

እናም ስኳር ይህን የምታነቡትን ሁሉ ትለምናለች፦ "እባካችሁ፣ ሹመት የሚሰጥ ዘመድ ያላችሁ፣ ለኚያ ሰውዬ አንድ ነገር ፈልጉላቸው። ሻይ ያለ ስኳር ከመጠጣታቸው በቀር ክፋት የለባቸውም። ትልቅ ቦታ ባይሆንም ግድ የለም፤ የአማካሪ አማካሪም ይሁን። ብቻ ወንበራቸውን ይዘው የሚሄዱበት ይሁን።"