የደረጃው መታጠፊያ

ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ ከመጣሁ በኋላ የገዛኋት ቤት የጋራ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። በሩ የእኔ ነው፤ ደረጃው ግን የሁላችንም ስለሆነ የማንም አይደለም። መታጠፊያው ላይ ያለው የብረት መደገፊያ ገና ሲነኩት ይወዛወዛል። ዓይኗ የደከመ እናቴ ከእኔ ጋር ልትኖር ነበርና፣ እሱን ባየሁ ቁጥር «እንዴት ታልፈዋለች?» እል ነበር።

ስለዚህ ጎረቤቶቼን ወጥሬ ያዝኩ። ለደረጃው፣ ለጣሪያውና ለውሃ ታንከሩ ኢንሹራንስ እንግባ አልኩ። ከኢንሹራንስ የመጣው ሰውዬ ግቢው ውስጥ ሰብስቦን «የምትፈሩት አደጋ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። በሌላ ስብሰባ አፍ የማያስከፍተው ሁሉ ጭጭ አለ። ተናደድኩ።

«ሰው ከመታጠፊያው ቢወድቅስ?» አልኩ።

ከዝቋላ መጥተው ምድር ቤት ልጃቸው ጋር የሚኖሩት አዛውንት ቀና አሉ። «አታሟርቺ፣ ልጄ። ክፉን በስሙ አይጠሩትም።»

«አባቴ፣ እርስዎ ደግሞ! ካልተጠራ እንዴት ይጻፋል?»

«እሺ፣ ማን ነው የሚወድቀው?»

«ማንም ይሁን፤ እኔም ልሁን!» ብዬ ሳቅሁ። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። ከእኔ ሌላ የሳቀ አልነበረም። አዛውንቱ አማተቡ።

ኢንሹራንሱ ተገባ፤ ብረቱን የሚበይድ ሰው ግን ዛሬ ነገ እያለ ቀረ። ጎረቤቶቼ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ግድግዳውን ተጠግተው ማለፍ ጀመሩ። ብረቱን ፈርተው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ከፊቴ ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣው ጎረቤቴ ባዶውን ቦታ «ይቅርታ፣ አንዴ ላልፍ» ስትለው ሰማሁ።

«ማንን ነው?» አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ከዚያ መታጠፊያውን አየች። እንደገና እኔን አየችና ቤቷ ገብታ ዘጋች። የዚያን ዕለት ፈራሁ፤ ለማን እንደምነግረው ግን አላወቅሁም።

እናቴ ከተባለው ሰዓት ቀድማ ደረሰች። ባጃጁ ግቢ በር ላይ አውርዷት ብቻዋን ወጥታ ኖሮ፣ ወጥ እያማሰልኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። በደኅና መግባቷን ሳይ እንባዬ መጣ። ላቅፋት ስል ፊቷን አዞረች።

«ምነው፣ እማዬ?»

«ዓይኔ ቢደክምም የወለድኳትን አልስትም» አለች። «መታጠፊያው ላይ ቆመሽ፣ እጄን ስዘረጋልሽ ምነው ዝም አልሽኝ? ደግሞስ ያን የሚወዛወዝ ብረት እንደዚያ የምትደገፊው ምን ሆነሽ ነው?»

ማማሰያው እጄ ላይ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም።