ከጋሼ አለኸኝ ግቢ የአበባ ሥር ለወሰዳችሁ ሁሉ

ጋሼ አለኸኝ ባለፈው ሐሙስ ዓባይ ማዶ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። በቀብራቸው ላይ ሳይነገር የቀረ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። የሳቸው አበባ እኔን ያስከፈለኝ የባለቤቴን የይታይሽን ስድስት ዓመት ነው።

ውለታቸውን ላስቀድም። ከደቅ ደሴት ሎሚ ጭኜ በጀልባ ባሕር ዳር ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ጋሼ ሎሚዬን ከነጆንያው በረንዳቸው ላይ አስቀመጡልኝ፤ እኔንም ጨምረው። ስምንት ወር ተቀመጥሁ። «ሎሚውስ ይሸጣል፤ አንተን ማን ይገዛሃል?» እያሉ ያበሉኝ ነበር።

ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ልፋታቸው ሁሉ ወደ ሴት አኩሪ አበባቸው ዞረ። ያን ቅጠሉ ሙዝ የሚመስል ቀይ አበባ ከመንገድ ሆናችሁ አይታችሁታል። በበጋ ግንዱ ሲደርቅ ጎንበስ ብለው ከሥር ይቆርጡታል፣ አመድና ፍግ ያለብሱታል፤ ክረምት ሲገባ ካለፈው ዓመት በዝቶ ይወጣል። ሥር የለመናቸውን ሰው ባዶ እጁን ሰደው አያውቁም። በጋዜጣ ጠቅልለው፣ መርቀው ይሰጡ ነበር። የማንም ግን አልጸደቀም። ይህ ሲነገራቸው ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው «እጅሽ አያጸድቅም ልጄ፤ ነይ ሌላ ልስጥሽ» ይላሉ።

ሌላው ሰው ስቆ ተወው። ይታይሽ ስድስት ክረምት ተከለች። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ቀለዱባት፤ ኋላ ለድግስ ጠላ ሲጠነስሱ «አንቺስ አረፍ በይ» ማለት ጀመሩ። በአራተኛው ዓመት ፅንስ ጨነገፈባት። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው አለ። እሷ እጇን አየች።

ባለፈው ጥቅምት ጋሼ እግራቸው አብጦ ተኙ። ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ አንዲት ሴት ከመራዊ ድረስ ሥር ፍለጋ መጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። መነሳት ስላቃታቸው ወደ ማድቤት ላኩኝ፤ ሥሩን ከጆንያ አውጥቼ ውሃ እንዳፈስበት።

«የትኛውን ውሃ?» አልኋቸው።

«የፈላውን ነዋ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ነጋዴ ነህ፣ ይገባሃል» አሉኝ። «የጸደቀለት ሰው ተመልሶ ይመጣል?»

ሃያ ዓመት ነግጄ እንዲህ ያለ ደንበኛ ማቆያ አላየሁም።

«ይታይሽስ?» አልሁ።

«እሷማ ከሁሉ ትበልጣለች። በየዓመቱ ትመጣልኛለች።»

አፈሰስሁ። ባለውለታዬ ናቸው። የመራዊዋ እመቤት፣ ይህን ካነበቡ እጅዎ ደህና ነው፤ የቀቀልሁት እኔ ነኝ። የሌሎቻችሁም እጅ ደህና ነው።

ቤት ገብቼ ለይታይሽ ነገርኋት። የታመመ ሰው ስም ታጠፋለህ ብላ ተቆጣችኝ። በማግስቱ ጋሼን ከራስዎ አፍ ትስማው ብዬ ለመንኋቸው። እሺ ብለው አስጠሯት። ስትመጣ ሁለት እጇን ይዘው እየዳበሱ «እግዜር ይፍታሽ ልጄ። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ» አሏት። ጉልበታቸውን ስማ አለቀሰች። እኔን ቀና ብለውም አላዩኝ። ከጆንያው ውሃ ያልነካው ሥር እንድወስድ ግን ፈቀዱልኝ።

ይታይሽ የተመረቀ ሥር አላበላሽም ብላ እምቢ አለች። እኔ ተከልሁት። በሦስተኛው ሳምንት ቡቃያው አፈሩን ፈንቅሎ ወጣ። ጠርቼ አሳየኋት፤ አሁንስ ታምናለች ብዬ ነበር።

«አየህ» አለችኝ፣ «ያንተ እጅ ያጸድቃል።»

ጋሼ፣ ሜዳ ላይ የነበርሁትን ሰው አድርገውኛል፤ ይህን ማንም አይሰርዝብዎትም። በሽኝትዎ ቀን ሰዉ ግቢዎን ሞልቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቆሞ ነበር፤ ግማሹ ሥር የወሰደ ነው። ቢያዩት ደስ ይልዎት ነበር። ነፍስዎን ይማር። አበባው በእኛ ግቢ ወጥቷል። ይታይሽ አትነካውም።