በቁማቸው የተለቀሰላቸው አባቴ

ሰው የሚያውቀኝ በአንድ ሥራ ነው። ምነው ያን ዕለት እጄን በቆረጠው!

አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ሆኜ ስመለስ ብሩሽ መያዝ ትቼ ነበር። ዕቃውን ራሱን ማሳየት ከሥዕሉ ይበልጣል እያልኩ ባልደረቦቼን አደነቁራለሁ። እብድ ይሉኛል፤ እኔም ማዕረግ ይመስለኝ ነበር።

በአገራችን ሰው ሲሞት ልብሱና ጠመንጃው ለቅሶው መሀል ይወጣል፤ አልቃሿ እያንዳንዱን እያነሳች ታስለቅስበታለች። ለምን ሲሞት ብቻ? በቁሙ ብናየውስ? እያልኩ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ወደሚርቀው ቤታችን ሄድኩና አባቴን በትምህርት ቤቱ ላሳየው ብዬ ዕቃቸውን ለመንኳቸው።

«ለተማሪዎቹ ከሆነማ ውሰድ» አሉኝ። ጠመንጃውን ራሳቸው ወለወሉት።

በገበያ ቀን የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ከፈትኩ። በርኖሳቸውን ሰቀልኩ፤ ጠመንጃውን አስደገፍኩ፤ ኮርቻውን ከፊት አኖርኩ። ጽሑፍ ሥራውን ያረክሰዋል ብዬ አንዲት ቃል አልለጠፍኩም። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ገቡ። አንዷ የሠፈራችን ሴት በርኖሱን አየች፤ እኔን አየች፤ «ወይኔ ወንድሜን!» ብላ ደረቷን ደቃች። ሌሎቹም ተከተሏት።

«ደህና ናቸው» ማለት ምን ያህል ነው? አላልኩም። ቆሜ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሥራዬ ሰው ሲያስለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ልቦናዬ ስመለስ ሴቶቹ መርዶውን ይዘው ወደ ሠፈራችን ሄደዋል።

አባቴ ለዘመድ ጉዳይ ደምበጫ ሰንብተው የሚመለሱት በዚያው ቀን ነበር። ቤት ሲደርሱ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ ደም በደም ሆናለች። ስታያቸው ጮኻ ወደቀች።

በማግሥቱ አባቴ ዕቃቸውን ሊወስዱ አዳራሹ ድረስ መጡ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አላነሱኝም።

«ሴቶቹ ሲያለቅሱ አንተ የት ነበርህ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«እንግዲያ አልቅሰህልኛል። ስሞት እንዳትመጣ» ብለው ኮርቻቸውን ተሸክመው ወጡ።

ወሬው አዲስ አበባ ደረሰ። እዚያ የሳቀም የተቆጣም አልነበረም፤ አደነቁ። ፈረንጆች ጋብዘው ስለ ሥራው አስወሩኝ፤ ጋዜጣ ጻፈልኝ። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ «ጥሩ ነው፤ ያኛውን ግን አያህልም» እያሉ ያልፉታል። እኔም አስተማሪነቱን ትቼ እዚያው ቀረሁ፤ በአባቴ ለቅሶ ስሜን ተክዬ።

ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ክረምት አባትህ ታመዋል የሚል መልእክት መጣብኝ። አትምጣ ብለውኛል ብዬ ቀረሁ። ስሞት ነበር ያሉት፤ ስታመም አላሉም። ይህን በሚገባ አውቅ ነበር። ፈርቼ ነው።

አባቴ ከሞቱ በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ሦስት ሳምንት በተኙበት አልጋ ላይ ውሻው በጮኸ ቁጥር ቀና ብለው «እሱ ነው?» ይሏት ነበር።