የተነቀለችው ቀይ መብራት

ሰው ሁሉ «ዝግታ» ይላታል። እንቁላል አከፋፋይ ናት። ከአባቷ የወረሰችውን አሮጌ ፒካፕ ስትነዳ ጉድጓዱን ሁሉ እየለመነች ነው የምታልፈው። ከኋላዋ ያለው ሾፌር ክላክስ ቢያስጮኽ፣ ቢሰድባት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! ቂም የያዘችበትን ሰው ግን አያድርገኝ።

ቂም የያዘችው በእህቷ ባል ነው። መካኒክ ነው። ረጅም ካቻቢቴ ሞተር ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ስለሚያዳምጥ ደንበኞቹ «ዶክተር» ብለውታል። ስሙን ከመውደዱ የተነሳ ነጭ ጋዋን አሰፋ። በዚያ ሁሉ ግራሶ መሃል ነጭ ጋዋን፣ እንግዲህ አስቡት!

ነገሩ የጀመረው ዳሽቦርዷ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት በርታ አልጠፋም ስትል ነው። ዶክተር አዳመጠና «ዘይቱ ደህና ነው፣ እትዬ። መብራቷ ናት የምትቀባጥረው» አላት። ሄደች፤ መብራቷ በራች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች፤ እንደገና በራች። «አንቺ ደግሞ መብራት መብራት ስትይ ልታብጂ ነው እኮ! መንገዱን እያየሽ ንጂ» ብሎ ደንበኞቹ ፊት አሳቀባት። በመጨረሻ መኪናዋን እሱ ጋ አሳድራ ስትወስድ መብራቷ ጠፍታለች። እፎይ አለች። «እጅህ ይባረክ» ብላ አንድ ሙሉ ትሪ እንቁላል ሰጠችው። በኋላ ከሞተሩ እኩል ያንገበገባት ይሄ ምርቃቷ ነው።

ሞተሩ አደባባይ መሃል አንዴ ጮኾ ቀጥ አለ። ተቃጥሎ ቀረ። መኪናዋን ጎትቶ የወሰደላት የሌላ ጋራዥ ኤሌክትሪሺያን ዳሽቦርዱን ፈታትቶ አሳያት። የዘይት መብራቷ አምፖል የለችም፤ ቦታዋ ባዶ ነው።

«ዘይቱ ሲያልቅ ማን ይንገርሽ? የመብራቷን አፍ ዘግተውታል እኮ» አላት። ሞተር ሳይነሳ ቁልፉ አንዴ ብቻ ሲዞር ቀዮቹ መብራቶች ሁሉ ቦግ ማለት እንዳለባቸው፣ አልበራ ያለ ካለ ወይ እንደተቃጠለ ወይ እንደተነቀለ ያወቀችው ያኔ ነው።

አላለቀሰችም። ለእህቷም ትንፍሽ አላለችም። እንቁላሏን በእጅ ጋሪ እየገፋች የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ሰው ፊት እንዳሳቀባት ሰው ፊት ታዋርደዋለች። ሌላ ካሳ አላማራትም።

ጋራዡ ጢም የሚልበትን ቅዳሜ ጠዋት መርጣ ሄደች። ዶክተር ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«እትዬ! መኪናሽስ?»

«ሞተች። አንተ ሥራህን ቀጥል፣ እኔ እንግዶችህን ላጫውት» አለችና ወደ አንድ ባለታክሲ ዞረች። «ወንድሜ፣ የዘይት መብራት አስቸግሮህ ዶክተር ገላግሎሃል?»

«አዎ፣ ዕድሜ ለሱ!»

«እስቲ ሞተር ሳታስነሳ ቁልፉን አንዴ ብቻ አዙረው። መብራቷ አለች?»

ባለታክሲው አዞረና ጎንበስ ብሎ ፈለገ። «የለችም።»

«እርስዎስ፣ ጋሼ?» አለች ጎኑ የቆሙትን ሽማግሌ።

«ኧረ የኔም የለችም!»

ጉድ ፈላ። ሰው ሁሉ ወደየመኪናው ሮጠ። «የኔም!» «የኔም!» ግቢው ተንጫጫ። ዶክተር «እትዬ፣ በናትሽ…» እያለ ይለማመጣታል። ዝግታ እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር ቀምሳ አታውቅም።

ጫጫታው እህቷን ከጋራዡ ጓሮ ካለው ቤቷ አወጣት። የሆነውን ስትሰማ እሳት ለበሰች።

«ባሌን ሰው ፊት ታዋርጂዋለሽ? ከአንድ ማህፀን ወጥተን?»

«አምፖል እየነቀለ ሰው ያታልላል ባልሽ።»

«ውሸት! የኔን መኪና የሚሠራው እሱ አይደል? ልጆቼን በሷ አይደል የማመላልሰው? ኑ፣ ሁላችሁም እዩ!» ብላ አጥር ሥር የቆመችው ትንሽ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ዝግታ ክው አለች። የእህቷም መብራት ባይኖርስ? እሷን ማዋረድ አልነበረም ሐሳቧ። «በቃ፣ ተይው» አለቻት። ዶክተር ደግሞ ከሷ በላይ ጮኸ። «አታዙሪው! ተይው ስልሽ!»

እህቷ አዞረችው። ቀዮቹ መብራቶች ቦግ አሉ፤ የዘይቷም።

«በራች! አያችሁ? በራች! አፈርሽ፣ እትዬ?»

ባለታክሲው ዶክተርን ትክ ብሎ አየው። «ለካ የመብራቷን ጥቅም ታውቃለህ» አለው።

የእህቷ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። ባሏን አየች፣ እህቷን አየች፣ እንደገና ባሏን።

«የኔን ትተህ የእትዬን ለምን ነቀልክ?» አለችው ቀስ ብላ።

የዶክተር ፊት አመድ መሰለ። ዝግታ ስንት ቀን ሙሉ ያሰናዳችው ስድብ ነበራት፤ ዋጠችው። አሁን የጠየቀችው ሚስቱ ናት፤ ተራው የሷ ነው። ዝግታ ግን መልሱን ሳትሰማ ከዚያ ንቅንቅ አላለችም።