ማቃሰቱን ወሬ ያልነው ልጅ

መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው። ልጄ ነቢል ሆስፒታል ተወልዶ ብዙም ሳይቆይ ትንፋሽ ባወጣ ቁጥር «እህ… እህ…» ይል ጀመር። አማቴ እማማ ዘይነባ አጎንብሰው አዳመጡትና «ወሬኛ ነው፣ በናቱ ወጥቷል» አሉ። እኔም ሳቅሁ። የተወለደው በእርግዝናዬ ሠላሳ አምስተኛ ሳምንት ነው። ክብደቱ ደህና ነው ስላሉኝ ትንሽ የቸኮለ ልጅ እንጂ የታመመ አልመሰለኝም።

እማማ ዘይነባ ከቦርሳቸው ለጋ ቅቤ አወጡ። በእሳቸው ቤት ሕፃን ገና ሲወለድ ጉሮሮው እንዲለሰልስ ቅቤ ይውጣል። ጣታቸውን ወደ አፉ ሲያስጠጉ አፍንጫው ሲነፋ አየሁ። ልብሱን ገለጥኩ። ከጎድኑ ሥር ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«እማማ፣ አይስጡት።»

«እኔ እኮ ስድስት አሳድጌያለሁ።»

«አውቃለሁ። አይስጡት።»

ነርሷን ጮኼ ጠራኋት። ታቅፋው ሮጠች። እኔ ቀረሁ።

ሐኪሟ ቆይታ መጣች። «ወሬ አይደለም፣ ማቃሰት ነው። ሳንባው እንዳይዘጋበት እየታገለ ነው» አለችን። ትንሽ ቀድሞ የተወለደ ልጅ ሰውነቱ የሞላ ቢመስልም ሳንባውን ከፍቶ የሚይዘው ፈሳሽ ላይበቃው ይችላል። የቅቤውን ነገር ስነግራት «እንዲህ እየተነፈሰ ቢውጥ ቅቤው ሳንባው ውስጥ ሊገባበት ይችል ነበር» አለች። እማማ ዘይነባ ቅቤውን ጠቅልለው መለሱት።

ሲፓፕ ላይ አደረጉት፤ በአፍንጫ አየር እየገፋ ሳንባን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ከመሣሪያው ጋር በተያያዘው ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ይፍለቀለቃል። እሱ ያቃስታል። ወተቴን አልቤ እሰጣቸዋለሁ፣ በቱቦ ያጠጡታል። ይሞታል ብዬ አሰብኩ።

አንድ ጠዋት ስገባ ድምፁ የለም። ወደ አልጋው ሮጥኩ። ነርሷ ሳቀችብኝ። «ዝም ያለው ስለተሻለው ነው እኮ!»

ሲፓፑ ሲነሳለት ገላው በገላችን እንዲሞቅ ደረታችን ላይ አስተኙት አሉን፤ ካንጋሮ ይሉታል። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ስለዚህ ባሌ ጀማል ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ከሚሠራበት ጋራዥ እጁን ፈትጎ ታጥቦ እየመጣ፣ ሸሚዙን ከፍቶ ይረከበኝ ነበር። እናቱ «ልጄ አራስ ሆነልኝ፣ አጥሚት ላፍላለት እንጂ» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም እውነት አጥሚቱን ይጠጣል።

ቤት ስንገባ ደግሞ የሰፈሩ ወሬ ተተካ። እኩያው የጎረቤት ልጅ ስትቀመጥ የኔው ወደ ጎን ይወድቃል። «ዘገየ» ይሉኛል። ሐኪሟን በክትትል ቀን ስጠይቃት «መወለድ ከነበረበት ቀን ቁጠሪለት እንጂ ከተወለደበት አይደለም። ግን ክትትሉን እንዳታቋርጪ» አለችኝ። አላቋረጥኩም። ነቅቶ ሳለ ምንጣፍ ላይ በደረቱ እያስተኛሁ፣ ቀኑን ሙሉ እያወራሁለት፣ እያንዳንዱን ቀጠሮ እየሄድኩ አሳደግኩት። እማማ ዘይነባማ የሰፈሩ ሐኪም ሆነው ቁጭ አሉ፤ «ዘገየ» ያለ ሰው ሲገጥማቸው «አምስት ሳምንት ቀንሺለት! መቁጠር አታውቂም?» ይላሉ።

ቁጭ አለ። ቆመ። ሄደ። አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል፣ የሚያወራው አያልቅም።

አንቺም ልጅሽ ቢያቃስት፣ አፍንጫው ቢነፋ፣ ደረቱ ቢሰረጉድ ወይም ከንፈሩ ቢጠቁር ነገ አትበይ፣ ወዲያው ሐኪም ጥሪ። ሐኪም እስኪያየው ምንም በአፉ አይግባ፤ ከዳነም በኋላ እስከ ስድስት ወሩ ከጡት ወተትና ሐኪም ካዘዘው በቀር ሌላ አይቅመስ። ይሉኝታ አይያዝሽ፣ አማትሽን እምቢ በያቸው፤ በኋላ ይታረቁሻል። ለዚያች ሮጣ ለወሰደችው ነርስና ለሐኪሟ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ነቢል ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ እየጠራኝ ነው። ልውጣለት።