ችኮዋና ጉንጫሙ ድመት

በእንስሳት ሐኪም ቤቱ ወለል ስትወለውል አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ሠራተኞቹ ከጀርባዋ «ችኮዋ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ቅር ብሏት ግን አያውቅም። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ብታቋርጥም፣ ሐኪሙ ለደንበኞች ሲያስረዳ የሰማችው ነገር ከጭንቅላቷ አይወጣም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሰፈሩ ፋርማሲስት ድመት በሣጥን ይዞ ገባ። ብሪቲሽ ሾርትሄር የሚባለው ዘር ነው፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቱ ብዙ አፈላልጎ ያመጣላቸው። ሐኪሙ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ አጭርና ደንዳና፣ ዓይኑ የተወለወለ መዳብ የመሰለ። ፀጉሩ አጭር ይሁን እንጂ ከጥቅጥቅነቱ የተነሣ ጣት ቆዳው ላይ አይደርስም፤ መልኩ ዝናብ ያረገዘ ደመና ነው። የጉንጩ ሙላትማ አይወራ።

«ክፉ ሆኗል» አለ ፋርማሲስቱ። «እናቴን ሁለቴ ቧጨራት። ትናንት እጇን አደማት። በቃ፣ መርፌ ወግተህ አሳርፍልኝ።»

ሐኪሙ ልቡን አዳመጠ፣ ሙቀቱን ለካ፣ ሆዱን ዳበሰ። አፉን ሊከፍት ሲል ድመቱ ጥፍሩን አወጣ፤ ሐኪሙም ተወው።

«ጤነኛ ነው» አለ። «ይህ ዘር ሲፈጥረው ኩሩና ዝምተኛ ነው። አጠገብህ ይቀመጣል እንጂ መታቀፍ አይወድም።»

ችኮዋ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀረበች። «ዶክተር፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ። ቤቴ ልውሰደው።»

«እትዬ፣ ሥራዎን ይሥሩ።»

«ጨርሻለሁ።»

ፋርማሲስቱ ከነሣጥኑ ሰጣትና ወጣ።

ቤት ውስጥ ጡረታ የወጣች ታይፒስት እህቷ ድመቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይኼ ድመት ነው ወይስ ዳኛ?» አለች። «እንዳይፈርድብኝ ወዲያ አድርጊልኝ።»

ችኮዋ አላነሣችውም፣ አላባበለችውም። ድመቱም ድምፁን ሳያሰማ ከክፍል ክፍል እግር በእግር ይከተላታል፤ ሁልጊዜ ግን ሁለት እርምጃ ርቆ። ምግብ ስታቀርብለት ይጎርስና ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ይተፋዋል። ምግቡን በሞቀ ውሃ አራሰችለት፤ በላ፣ በቀኝ በኩል ብቻ።

በአራተኛው ቀን ራሱ መጥቶ ቅልጥሟን በጉንጩ አሸት አደረገ። በቀኝ ጉንጩ። ዞሮ ሲመለስም በግራው ይነካኛል ብላ ስትጠብቅ እንደገና ቀኙን አመጣ። ነገሩ ከነከናት። በሆዷ ተኝታ፣ በመስኮት ብርሃን ፊቱን ትክ ብላ አየችው። የግራው ጉንጭ ከቀኙ ይበልጣል። ያን ሁሉ ፀጉር አልፎ ማን ያስተውለው?

በማግስቱ ይዛው ገባች። «ጥርሱን አሞታል።»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ የዚህ ዘር ወንዱ ሲጎለምስ ጉንጩ ይሞላል። ተፈጥሮው ነው።»

«ተፈጥሮው ባንድ በኩል ብቻ ነው እንዴ?»

«ቢያመው ይጮህ ነበር።»

«ዝምተኛ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። አደንዝዘው አፉን ይክፈቱለት። እስኪያዩት ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

በሩ መሐል ቆመች። ከኋላዋ ውሻ የያዙ ደንበኞች ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሐኪሙ በረጅሙ ተነፈሰና የማደንዘዣ መርፌውን አዘጋጀ።

የላይኛው የግራ መንጋጋ ጥርስ ተሰንጥቋል፤ ሥሩ መግል ቋጥሯል። ሐኪሙ ጥርሱን ነቀለው። ጓንቱን ሲያወልቅም «ያን ቀን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አላት።

«አሁን አዩት» አለች።

በሳምንቱ የፋርማሲስቱ እናት የጥርሱን ነገር ሰምተው ራሳቸው በምርኩዝ ሐኪም ቤት መጡ። እጃቸው ላይ አሁንም ፋሻ አለ። «ያቺን ጉንጩን ሳሻሽ ነበር የቧጨረኝ» አሉ። «ደስ እያለኝ ለካ ቁስሉን ነው የምነካው።»

ችኮዋ ያን ቀን ድዱን ልታሳይለት በሣጥኑ ይዛው መጥታለች። ድመቱን ለራሷ ልታስቀረው በልቧ ጨርሳ ነበር። አሮጊቷ ግን ሣጥኑን የሚያዩበት ዓይን አላስቻላት።

«ይውሰዱት፣ እማማ። ግን አያንሡት፣ አይጎትቱት። ወንበርዎ አጠገብ ቦታ አብጁለትና እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ዓመት ቢፈጅም።»

«ዓመት ከየት አመጣለሁ፣ ልጄ?»

«እንግዲያው ዛሬ ይጀምሩ።»

ድዱ እስኪድን በየእሑዱ እየሄደች አየችው። አሮጊቷ እጃቸውን ቀሚሳቸው ሥር ደብቀው፣ ጓጉተው ሲቀመጡ ታገኛቸዋለች። ሐኪም ቤት ደግሞ ግራ የገባው ነገር ሲኖር ሐኪሙ ከኮሪደር ይጠራት ጀመር፤ የሥራ ካፖርቷን ሳታወልቅ ገብታ ያየችውን ትናገራለች።

በሦስተኛው ወር ስልኳ ጮኸ። «ጎኔ ተጋድሟል» አሉ አሮጊቷ በሹክሹክታ። «ጀርባው ጭኔን ነክቷል። እጄን አላነሣሁም።»

«ጎበዝ፣ እማማ። እንደዚያው ይቆዩ» አለችና ባልዲዋን አንሥታ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሄደች።