አማቴ እማኝ የሆኑበት ሰርግ

አማቴ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ሊጠይቁን ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባዋ ያገኘችውን የነጻ አዳር ኩፖን ሰጠችኝ።

«እኔ ሺፍት አለብኝ፤ አንተ ሪኖ ከተማ ውሰዳት። ታሪካዊ ሆቴል ነው በላት፤ ካዚኖ የምትለዋን ቃል እንዳታነሳ።»

ውሸት አልነበረም፤ በሩ ላይም «ታሪካዊ» ተብሎ ተጽፏል። ከአራት ሰዓት መንገድ በኋላ ስንገባ፣ የድሮ ወርቅ ቆፋሪዎች ከተማ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ጠበቀን፦ የእንጨት ሱቆች፣ ፈረስ የሌለው ጋሪ፣ ደመና የተቀባ ጣሪያ። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው የማዕድን ዋሻውን ድንጋይ በጣታቸው አንኳኩ። እንደ ባዶ ጀሪካን ጮኸ።

በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ ጥበቃውን አስጠየቁኝ። ሰውየው ትንሽ አሰበና «ዋሻው አምና ነው፤ ጋሪው ግን ቆይቷል» አለ።

«ጨዋ ነው፤ አይዋሽም» አሉ አማቴ።

ከዋሻው ማዶ ሰዎች ማሽን ፊት ተደርድረው ቁልፍ ይጫናሉ። «ጌም ነው» አልኳቸው። «ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ናቸው እኮ» አሉ። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ያንን ሁሉ ቡፌ አልፈው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሰላጣና ዳቦ በሉ። ግድግዳው ላይ ሰዓት ፈልገው ሲያጡ «እነዚህ ሰዎች መምሸቱን በምን ያውቃሉ?» አሉኝ። እንዳያውቁ ተብሎ መሠራቱን አላስረዳኋቸውም።

ወደ ክፍላችን ስንሄድ መስቀል ያለበት ትንሽ በር አዩ። ሳልቀድማቸው ጫማቸውን አውልቀው በሩን ተሳለሙ። የሆቴሉ የሰርግ ጸሎት ቤት ነበር። ውስጥ ሙሽራውና ሙሽሪት ቆመዋል፤ የሚያጋባቸው ሰው ደረቱ ላይ የቆርቆሮ ኮከብ ለጥፎ የድሮ ፖሊስ መስሏል። ሲያየን ደስ አለው። ሕጉ አንድ እማኝ ይጠይቃል፤ እማኝ ሊሆን የመጣው ጓደኛቸው ግን ማሽን ላይ ተቀምጦ አልነሳም ብሏል።

ነገሩን ስተረጉምላቸው አማቴ መጀመሪያ «ቤተሰብ የላቸውም?» አሉ።

ሙሽሪት አንገቷን ደፍታ «እናቴ ስልክ እንኳ አላነሳችልኝም» አለች።

አማቴ በባዶ እግራቸው ሄደው አጠገቧ ቆሙ። ወረቀቱን በአማርኛ ፈረሙ፤ ቀጥለውም «ውለዱ፣ ክበዱ፣ ከክፉ ይሰውራችሁ» እያሉ መረቁ። ስተረጉም «ክበዱ»ን ሙሽሮቹ ወፍሩ ማለት እንዳይመስላቸው ዘለልኩት። ሙሽሪት ትከሻቸው ላይ አለቀሰች።

ውጭ ጫማቸውን እያደረጉ ጠየቁኝ። «የእናንተ ጊዜስ ማን ቆመላችሁ?»

እኔና ባለቤቴ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተጋባነው ሳን ሆዜ፣ መንግሥት ቢሮ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ያኔ ቪዛ ተከልክለው ነበር። «ከኋላችን ተሰልፎ የነበረ ሰው» አልኩ።

«ስሙ ማን ይባላል?»

«አላውቀውም፣ እማማ።»

በማግስቱ ወደ ኦክላንድ ተመለስን። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ የመኪና ቁልፍ ይዛ ልትወጣ ነበር። «ታሪካዊው ሆቴል እንዴት ነበር?» አለች።

«ቁማር ቤት ነው» አሉ አማቴ ረጋ ብለው። «ነይ እዚህ ቁሚ። አንተም ና።»

«እማዬ፣ ረፍዶብኛል።»

«ዘጠኝ ዓመት ረፍዷል፤ ቁሚ።»

ፍሪጁ አጠገብ ጎን ለጎን ቆምን። ሁለት እጃቸውን ራሳችን ላይ ጭነው፣ ሳይቸኩሉ ረጅም ምርቃት መረቁን። ባለቤቴ ያን ቀን ዘግይታ ሥራ ገባች፤ ለአለቃዋ ምን ምክንያት እንደሰጠች እስካሁን አልነገረችኝም።